ጎስት ትሪክ፦ የሙቱ መርማሪ ጨዋታና ሙዚቃው

ጎስት ትሪክ፦ ፋንተም ዲቴክቲቭ የጃፓኑ ካፕኮም ኩባንያ ኔንቴንዶ ዲኤስ ለተባለው በእጅ የሚያዝ የጨዋታ መሣሪያ የሠራው የምርመራና የጀብዱ ቪዲዮ ጌም ነው። ታሪኩን የጻፈውና ሥራውን በዳይሬክተርነት የመራው ሹ ታኩሚ ሲሆን ሙዚቃውን የደረሰው ደግሞ ማሳካዙ ሱጊሞሪ ነው። ሁለቱ ከዚያ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ2001 በወጣው የመጀመሪያው ኤስ አተርኒ በተባለው የፍርድ ቤት ጨዋታ ላይ አብረው ሠርተዋል። ጎስት ትሪክ በጃፓን እ.ኤ.አ. ጁን 19 ቀን 2010 ለገበያ ቀረበ፤ ሰሜን አሜሪካና አውሮፓ የደረሰው በጃንዋሪ 2011 ነው።

የመርማሪ ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው አስከሬን ሲገኝ ነው። እዚህ ሟቹ ራሱ መርማሪ ይሆናል። ከምሽቱ 1 ሰዓት ገደማ፣ አሮጌ ዕቃ በተከመረበት ግቢ ውስጥ፣ ሲሴል የተባለው ገጸ ባሕርይ ነፍስ ብቻ ሆኖ ይነቃል። ቀይ ሙሉ ልብስ የለበሰ፣ ቢጫ ፀጉሩ ወደ ላይ የሾለ፣ ጥቁር መነጽር ያደረገ ሰው መሬት ላይ ተዘርግቷል፤ ሲሴል ያንን አካል የራሱ ነው ብሎ ይቀበላል። ማን እንደነበረ፣ ማን እንደገደለው፣ ለምን እንደሞተ አያስታውስም። ጎሕ ሲቀድ ነፍሱ እንደምትጠፋ ይነገረዋል። ጨዋታው በሙሉ የዚያች የአንዲት ሌሊት ታሪክ ነው፤ 18 ምዕራፎች አሉት፣ እያንዳንዱም የሰዓት ምልክት ይዞ ይከፈታል። ሳይቸኩል የሚጫወት ሰው ከ10 እስከ 14 ሰዓት ባለው ጊዜ ይጨርሰዋል።

የምርመራው ክር የሚያዘው ሊን በምትባል ቀይ ፀጉር ባላት ወጣት መርማሪ ፖሊስ በኩል ነው። ሲሴል ስለራሱ ለማወቅ የሚችለው እሷ በሕይወት እስካለች ድረስ ስለሆነ፣ እሷን ከሞት ማስጣል የራሱ ጉዳይ ይሆናል። ችግሩ ሊን በዚያች ሌሊት አንዴ ብቻ ሳይሆን ደጋግማ መሞቷ ነው። በዙሪያዋ ሚሳይል የተባለው የፖሜራኒያን ዝርያ ውሻ፣ ካሚላ የምትባል ትንሽ ልጅ፣ ነጭ ካፖርት ለብሶ እየተወዛወዘ የሚራመደው ኢንስፔክተር ካባኔላ፣ እንዲሁም ሞት ተፈርዶበት እስር ቤት ውስጥ ቅጣቱን የሚጠባበቀው የቀድሞ መርማሪ ጆውድ አሉ። የታሪኩ መቋጫ እዚህ አይነገርም። ከአሥር ዓመት በፊት አንድ መናፈሻ ውስጥ በሆነው ነገር ላይ የተሠራ ነው፤ አስቀድሞ ያወቀው ሰው የሚያጣው ብዙ ነው።

አጨዋወቱ

ስሙ ሁለቱን ዋና ድርጊቶች ይናገራል። «ጎስት» (መንፈስ) ሲባል ጊዜ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ በአካባቢው ያሉ ዕቃዎች እምብርት ሰማያዊ ነበልባል ሆኖ ይታያል። ሲሴል ከአንዱ እምብርት ወደ ሌላው የሚዘለው በዚህ ሁኔታ ብቻ ነው። «ትሪክ» (ብልሃት) የሚሠራው ግን ጊዜው ተመልሶ መንቀሳቀስ ሲጀምር ነው፤ ያደረበት ዕቃ ከተፈጥሮው የሚችለውን አንድ ነገር ያደርጋል። የሚከፈተው ይከፈታል፣ የሚሽከረከረው ይሽከረከራል፣ የተንጠለጠለው ይወድቃል። ሰው ማንሳት፣ በር መስበር፣ ሽጉጥ መንጠቅ የለም። ነፍስ ያደረባት የጠረጴዛ መብራት እንኳ ከመዝለልና አንገቷን ከማዞር አታልፍም፤ ሬይ የተባለው የሲሴል የመጀመሪያ መካሪ ያደረው እንዲህ ባለ መብራት ውስጥ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያስቸግረው ርቀት ነው። የሲሴል ነፍስ የምትደርሰው እጅግ አጭር ቦታ ድረስ ነው፤ በሁለት እምብርቶች መካከል ያለው ክፍተት ትንሽ ከሰፋ መሻገር አይቻልም። ስለዚህ የብዙው እንቆቅልሽ መልስ ድልድይ መሥራት ነው፤ አንዱን ዕቃ በትሪክ ወደ ሌላው ማስጠጋት፣ ወይም የሚንቀሳቀስ ነገር ላይ አድሮ ከወለል ወደ ጣሪያ መጓዝ። ረጅም መንገድ የሚቆርጠው በስልክ መስመር ነው። ጥሪ እየተካሄደ ሳለ ስልኩ ውስጥ ከገባ የሌላኛውን ጫፍ ቁጥር ያውቃል፤ ከዚያ በኋላ ያ ቦታ ክፍት ነው።

የጨዋታው ልብ ያለው ግን በአራቱ ደቂቃ ውስጥ ነው። ሲሴል የሟች አስከሬን ውስጥ ሲገባ ከሞቱ አራት ደቂቃ በፊት ወዳለው ጊዜ ይመለሳል። መጀመሪያ ሞቱ እንደሆነው ሆኖ ይታያል፤ ከዚያ ጊዜው ወደ ኋላ ይጠቀለልና ተጫዋቹ ይለቀቃል። የአሸዋ ሰዓቱ አሸዋ ሲያልቅ ሞቱ ይደገማል። የሞተው ሰው ከዳነ ከሲሴል ጋር በመንፈስ መነጋገር መቻሉን ይዞ ይቆያል፤ ይህ ታሪኩን ወደፊት የሚገፋ ነገር ነው።

የመጀመሪያው ሞት የነገሩን አሠራር ያስተምራል። በዕቃው ግቢ ውስጥ ነፍሰ ገዳይ ጠመንጃውን በሊን ላይ ደግኗል። ሲሴል በቅድሚያ የሚያገኘው እንደ ባቡር ማቋረጫ ያለ የመንገድ መዝጊያ ዘንግ ነው፤ ዘንጉን ሲያነሳ ገዳዩ ይደናገጣል፤ ጥቂት ሰከንድ ይገኛል። ግን መደናገጥ ሞትን አያስቀርም፤ ያዘገየዋል እንጂ። መፍትሔው ከላይ ነው፦ በክሬን የተንጠለጠለው የማፍረሻ ብረት ኳስ። እዚያ ለመድረስ ከመሬት ተነስቶ በየዕቃው እየተንጠላጠሉ መውጣት ያስፈልጋል፤ ሲደርሱም ኳሱን መልቀቅ ያለባቸው ገዳዩ ከሥሩ ባለበት ቅጽበት ነው። ሦስቱ ሕጎች፣ ማለትም ጊዜ መግዛት፣ መንገድ መሥራትና ቅጽበቱን መጠበቅ፣ እስከ ጨዋታው መጨረሻ አይለወጡም።

ተጫዋቾች የሚሰናከሉበት ቦታም ከዚሁ ይመነጫል። አብዛኛው ሰው በሟቹ ላይ አፍጥጦ ገዳዩን አያይም፤ መልሱ ግን ብዙ ጊዜ ገዳዩ ወይም የሚወድቀው ነገር በሚያልፍበት መንገድ ላይ ነው። ሌላው ስሕተት ትሪክን ቸኩሎ መጠቀም ነው። አንድ ዕቃ ከቦታው ከተንቀሳቀሰ በኋላ የሚደርስበት እምብርት ላይኖር ይችላል፤ ሲሴል እዚያው ይቀራል፣ ደቂቃውም ያልቃል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ የመጀመሪያውን ሙከራ ለማሸነፍ ሳይሆን ለማየት ማዋል፣ ጊዜውን አቁሞ እያንዳንዱን ዕቃ መጎብኘትና የትሪኩን ስም ማንበብ። አንድ ዕቃ ከተንቀሳቀሰ በኋላ ትሪኩ ሊለወጥ ስለሚችል ተመልሶ ማየትም ተገቢ ነው። ወደ ኋላ መመለስ ቅጣት የለውም። ዕጣ ፈንታው በከፊል ከተለወጠ ደግሞ ጨዋታው አዲስ መነሻ ይሰጣል፤ ከሥሩ መጀመር አያስፈልግም።

ወደ ኋላኞቹ ምዕራፎች ሚሳይልም የራሱን ችሎታ ይዞ ይመጣል። የውሻው ነፍስ ከሲሴል ይልቅ ሩቅ ትደርሳለች፤ ትሪክ ግን አታውቅም። ያላት ችሎታ ቅርጻቸው አንድ የሆኑ ሁለት ዕቃዎችን ቦታ ማለዋወጥ ነው። ሁለቱን እያፈራረቁ መጫወት ሲጀመር፣ እስከዚያ የተለመደው ዐይን አይበቃም፤ ዕቃን በሥራው ሳይሆን በቅርጹ ማየት ግድ ይላል። ከጨዋታው ሁሉ የተዋጣላቸው እንቆቅልሾች እነዚህ ናቸው።

እንቅስቃሴው

ትዕይንቱ ሁልጊዜ ከጎን ይታያል፤ ግድግዳው እንደ ቲያትር መድረክ ተነስቶለት ሁሉም ክፍል በአንድ ጊዜ ይነበባል። ሰዎቹ በመጀመሪያ በሦስት አውታር ተሠርተው እንዲንቀሳቀሱ ከተደረገ በኋላ እንቅስቃሴው ወደ ጠፍጣፋ ሥዕሎች ተለውጧል። የዲኤስ ስክሪን 256 በ192 ፒክስል ብቻ ነው፤ ፊት ላይ ብዙ መናገር አይቻልም። ስለዚህ ጠባይ በሰውነት ይነገራል። ካባኔላ ደረጃ ሲወርድ እግሩን የሚወረውርበት መንገድ፣ የእስር ቤቱ ዘበኛ ሲጨንቀው እጁን አንስቶ የሚጨፍረው ጭፈራ፣ አንድ ቃል ሳይነበብ ማንነታቸውን ያስረዳል።

ሙዚቃው

ጨዋታው የሰው ድምፅ የለውም። ንግግሩ በሙሉ በጽሑፍ ነው፤ ፊደሎቹ ሲወጡ የሚሰማው አጭር የቲክታ ድምፅ ብቻ ነው። ተዋናይ ሊሸከመው የሚገባው ሐዘን፣ ፍርሃትና ሳቅ ሁሉ የሚወድቀው በሙዚቃው ላይ ነው። ሱጊሞሪ የጻፈው ሥራ ከጨዋታው ተለይቶ የሚደመጥ ወዳጅ ያገኘውም ለዚህ ይመስላል። የሙዚቃው ስብስብ በዚያው በ2010 በጃፓን በሲዲ ወጥቷል።

ሥራው በምን ያህል ጠባብ ቦታ እንደተሠራ ለማወቅ መሣሪያውን ማየት ይጠቅማል። የዲኤስ የድምፅ ክፍል 16 ቻናል አለው፤ በአንድ ጊዜ ከ16 በላይ ድምፅ አያወጣም። ከእነዚህ ስድስቱ የጥንት የጨዋታ መሣሪያዎችን ዓይነት ስኩዌር ዌቭ የተባለ ቀላል የኤሌክትሮኒክ ድምፅ፣ ሁለቱ ደግሞ የጫጫታ ድምፅ ማመንጨት ይችላሉ። ቻናሎቹን የሚጋሩት ሙዚቃው፣ የፊደሉ ቲክታ፣ የሚወድቀው ዕቃና የሚተኮሰው ጥይት ናቸው። ዋናው ሜሞሪ 4 ሜጋባይት ብቻ ነው፤ ከሥዕሉና ከፕሮግራሙ የተረፈውን ነው ድምፁ የሚያገኘው። በዚህ መሣሪያ በተለመደው አሠራር ዘፈኑ እንደ ተቀዳ ፋይል አይቀመጥም። የፒያኖው፣ የባሱና የከበሮው አጫጭር ናሙናዎች ለብቻቸው ይቀመጡና የኖታው ትእዛዝ በየቅጽበቱ ያስጮኻቸዋል። ናሙናው ካጠረ የረዘመ ኖታ ሲያዝ ድምፁ እየተደጋገመ ይንቀጠቀጣል፤ ካረዘሙት ደግሞ ሜሞሪው ይሞላል። ለዚህ ነው አጭር፣ ቁርጥ ቁርጥ የሚል፣ በምት ላይ የሚቆም ዜማ ለዲኤስ የሚስማማው። የጎስት ትሪክ የውጥረት ሙዚቃዎች ይህን ጠባብነት እንደ ጠባይ ይዘውታል፤ ባሱ ይነክሳል፣ ከበሮው ይደርቃል፣ ሲንተሳይዘሩ በላያቸው ይሮጣል።

ሌላው አስገዳጅ ነገር ድግግሞሽ ነው። አንድ ሰው ከአንድ አራት ደቂቃ ጋር ግማሽ ሰዓት ሊታገል ይችላል፤ የሚሰማውም ያንኑ ሙዚቃ ነው። በጣም የሚታወስ ዜማ ቢሆን ያሰለቻል፣ ዜማ አልባ ቢሆን ደግሞ ጭንቀቱ ይላላል። ሱጊሞሪ የያዘው መንገድ ኃይሉን በባሱና በምቱ ላይ አድርጎ ዜማውን በአጫጭር ሐረግ መበተን ነው። ጆሮ የሚይዘው መጀመሪያ ግፊቱን ነው፤ ዜማው ዘግይቶ ይገባል፣ ከዚያ ግን አይወጣም።

የተጫዋቹን አካሄድ የሚመራውም ሙዚቃው ነው። የዕጣው አካሄድ ሲዞር ሙዚቃው አብሮ ይዞራል፤ ሰውየው ገና ባይድንም መንገዱ ትክክል መሆኑን ጆሮ ከዐይን ቀድሞ ያውቃል። ገጸ ባሕርያቱም የየራሳቸው ዜማ አላቸው። ካባኔላ ገና ብቅ ሲል የሚጀምረው ለዳንስ የሚጋብዝ ምት ከአረማመዱ ጋር አንድ ላይ የተሠራ ነው የሚመስለው፤ አንዱ ያለ ሌላው ግማሽ ነው። ትልቅ ነገር ሊገለጥ ሲል ደግሞ ሙዚቃው ጨርሶ ይቋረጣል። ይህ ዘዴ ከኤስ አተርኒ ጀምሮ የታኩሚ ጨዋታዎች መለያ ነው፤ ዝምታው የሚሠራው ግን ከፊቱ ያለው ሙዚቃ ሳይቋረጥ ስለገፋ ነው።

እትሞቹና የትኛውን መጫወት

ከዲኤስ በኋላ ጨዋታው ለአይፎንና ለአይፓድ በጃፓን በዲሴምበር 2010፣ በሌሎች አገሮች በፌብሩዋሪ 2012 ወጣ። ሪማስተሩ፣ ማለትም ለአዳዲስ መሣሪያዎች የታደሰው እትም፣ በጁን 30 ቀን 2023 ለኔንቴንዶ ስዊች፣ ለፕሌይስቴሽን 4፣ ለኤክስቦክስ ዋንና ለዊንዶውስ ቀረበ፤ የአንድሮይድና የአይኦኤስ እትሙ በማርች 28 ቀን 2024 ተከተለ። የተሠራው አርኢ ኤንጂን በተባለው የካፕኮም የጌም መሥሪያ ሶፍትዌር ሲሆን እንቅስቃሴው በሴኮንድ እስከ 60 ፍሬም (ሥዕል) ይደርሳል። መድረኩ የተነደፈው ለዲኤሱ ስክሪን ስለነበር በሰፊው ስክሪን ላይ ጎንና ጎኑ በጌጥ ፍሬም ተሞልቷል። ትዕይንቱን ለማስፋት አለመሞከራቸው ጥሩ ነው፤ የእምብርቶቹ ርቀት የተለካው በዚያ ስፋት ነውና።

የሪማስተሩን ሙዚቃ እንደገና ያቀናበረው ያሱማሳ ኪታጋዋ ነው፤ ዘ ግሬት ኤስ አተርኒ በተባለው ጨዋታ ሙዚቃም ይታወቃል። አዲሱ ቅንብር ከ16 ቻናል ገደብ ወጥቷል፤ መሣሪያዎቹ ይሰፋሉ፣ የረዘሙ ኖታዎች ሳይሰበሩ ይተነፍሳሉ። በሴቲንግ ውስጥ ዋናውንና አዲሱን መቀያየር ይቻላል። የሐዘኑና የትዝታው ክፍሎች በአዲሱ ያምራሉ። በአራቱ ደቂቃ ውስጥ ግን የዲኤሱ ደረቅ ድምፅ ይበልጣል፤ ሰፊ ድምፅ ጭንቀቱን ያለሰልሰዋል።

ዋናውን በዲኤስ የሚጫወት ሰው ኢርፎን ቢሰካ ይሻላል። የዲኤስ ስፒከሮች ጥቃቅን ስለሆኑ የታችኛውን ባስ አያወጡም፤ ኢርፎን ከተሰካ በኋላ በዕቃው ግቢ ከምትሰማው የመጀመሪያ ሙዚቃ ጀምሮ፣ እስከዚያ የሌለ የመሰለ ሙሉ የባስ መስመር ከሥር ይወጣል።