ፍትሐዊና ምክንያታዊ የውሃ አጠቃቀም ምንድን ነው?

ፍትሐዊና ምክንያታዊ አጠቃቀም የዓለም አቀፍ ሕግ መርህ ነው። ድንበር ተሻጋሪ ወንዝ የሚጋሩ አገሮች ሁሉ በውሃው የመጠቀም መብት አላቸው፤ የድርሻቸው ልክ ግን ፍላጎታቸው፣ አማራጫቸውና የአጠቃቀማቸው ውጤት ተመዝኖ ይወሰናል ይላል። የአባይ ነገር በተነሳ ቁጥር ስሙ ይጠራል፤ አሠራሩን የሚያብራራ ግን ጥቂት ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

መርሁ የቆመው በሁለት ጽንፎች መካከል ነው። አንደኛው ጽንፍ «በግዛቴ ያለውን ውሃ እንዳሻኝ አደርገዋለሁ» ይላል። የአሜሪካው ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ጀድሰን ሃርመን በ1895 ከሜክሲኮ ጋር በነበረው የሪዮ ግራንዴ ክርክር የያዘው አቋም ይህ ነበር። አሜሪካ ራሷ ግን በ1906 ለሜክሲኮ በየዓመቱ ውሃ ለመልቀቅ ተዋዋለች። ሁለተኛው ጽንፍ «ወንዙ ሳይነካ ይድረሰኝ» የሚለው ነው። በ1959 ግብፅና ሱዳን ሲዋዋሉ 84 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ ተብሎ ከተሰላው ዓመታዊ ፍሰት 55.5ቱን ለግብፅ፣ 18.5ቱን ለሱዳን መደቡ፤ 10ሩ ለትነት ተያዘ። ለኢትዮጵያ የተረፈ አልነበረም። አልፈረመችምና ውሉ አይገዛትም።

ጎጃም ውስጥ በባህላዊ መስኖ የሚያመርት ገበሬ ነገሩን ለመረዳት አይቸገርም። ውሃውን የሚያከፋፍለው የውሃ አባት ተራ ሲያወጣ የማሳውን ስፋት፣ የሰብሉን ዓይነት፣ የወንዙን መጉደል ያያል። ማሳው ከቦዩ ራስ ስለሆነ ብቻ ሁሉን ጠልፎ የሚያስቀር የለም፤ ግርጌ ያለውም «ዱሮም አጠጣ ነበር» ብሎ ራስጌውን መከልከል አይችልም። በአገሮች መካከል ግን የውሃ አባት የለም። ከመንግሥታት በላይ የሚያዝ ባለሥልጣን ስለሌለ መመዘኛውን ማን እንደሚያነብበው ራሱ የድርድር ጉዳይ ይሆናል።

መመዘኛዎቹ በጽሑፍ ሰፍረዋል። የተባበሩት መንግሥታት ስለ ድንበር ተሻጋሪ ወንዞች ያወጣው የ1997 ኮንቬንሽን (ዓለም አቀፍ ስምምነት) በአንቀጽ 6 ሰባት ነጥቦችን ይዘረዝራል፤ ከእነዚህ መካከል የተፈጥሮ ሁኔታ፣ ማኅበራዊና ኢኮኖሚያዊ ፍላጎት፣ በውሃው የሚተዳደረው ሕዝብ፣ ያለውና ወደፊት ሊኖር የሚችለው አጠቃቀም፣ ሌላ አማራጭ መኖር አለመኖሩ ይገኙበታል። አንዱ ከሌላው አስቀድሞ አይበልጥም፤ ክብደታቸው እርስ በርስ እየተነጻጸረ ሁሉም አንድ ላይ ይታያሉ። የናይል ተፋሰስ የትብብር ማዕቀፍ ስምምነት በእነዚህ ላይ ሁለት ጨመረ፦ እያንዳንዱ አገር ለወንዙ የሚያበረክተው ውሃና በግዛቱ ያለው የተፋሰስ ስፋት። «ከአባይ ውሃ 86 በመቶው ከእኛ ይመነጫል» የሚለው የታወቀ የኢትዮጵያ ክርክር ሕጋዊ ቦታውን ያገኘው እዚህ ላይ ነው። ቢሆንም ከዘጠኙ አንዱ ነው። ብቻውን ይዞ ድርድር የገባ ስምንቱን ለተከራካሪው ትቶ ገብቷል።

የግብፅ ዋና መከራከሪያ ደግሞ ጉልህ ጉዳት ያለማድረስ ግዴታ ነው፤ የኮንቬንሽኑ አንቀጽ 7። ይህ ግዴታ ተገቢውን ጥንቃቄ ሁሉ አድርጉ ይላል እንጂ ወንዙን አትንኩ አይልም። ጉዳትም ከላይ ወደ ታች ብቻ የሚወርድ አይደለም። ከሥር ያለ አገር ውሃውን አዲስ በረሃ ለማልማት ሲያውለውና ኋላ «ነባር አጠቃቀሜ ነው» ሲል የራስጌውን አገር የወደፊት ዕድል ይዘጋል። ግብፅ በደቡብ በረሃዋ ለእርሻ ከ1997 ጀምሮ የሠራችው የቶሽካ ፕሮጀክትና ውሃን በስዊዝ ቦይ ሥር አሳልፎ ወደ ሲና የሚወስደው የአል ሰላም ቦይ በዚህ ዓይን መታየት አለባቸው።

ከባዱ ጥያቄ ገና ነው፤ እሱም መስኖ ነው። የሕዳሴ ግድብ 74 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ ቢይዝም ተርባይኑን ያዞረው ውሃ ወደ ወንዙ ይመለሳል፤ የሚቀረው በትነትና በስርገት የሚጠፋው ነው። መስኖ ግን ውሃውን ይበላል። ጎጃም ውስጥ መራዊ አጠገብ ያለውን የቆጋ የመስኖ ግድብ እንይ። የቆጋ ወንዝ ወደ ግልገል አባይ፣ ከዚያም ወደ ጣና ይገባል። ግድቡ 83 ሚሊዮን ሜትር ኪዩብ ይይዛል፤ የታቀደለት 7,000 ሄክታር ነው። ማሳው ላይ ከፈሰሰው ውስጥ ሰብሉ የጠጣውና ፀሐይ ያተነነው ወደ ወንዝ አይመለስም። ግድቡ ሞልቶ አንድ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ቢበላ እንኳ ከ84 ቢሊዮኑ አንድ ሺህኛ ያህል ነው። ይህን በማስረጃ ለማቅረብ ስንት ሄክታር እንደለማ፣ በቦዩ ስንት እንደገባ፣ ስንት እንደሰረገ የሚያሳይ የብዙ ዓመት ልኬት ያስፈልጋል። በቦዩ የገባውን ሁሉ «ተበላ» ብሎ መቁጠር የተለመደ ስህተት ነው፤ ሰርጎ የሚመለሰውን ስለሚዘነጋ የራስን ፍጆታ አጋንኖ ያሳያል።

የትብብር ማዕቀፉ ኦክቶበር 13 ቀን 2024 በሥራ ላይ ውሏል። ኢትዮጵያ፣ ኡጋንዳ፣ ሩዋንዳ፣ ታንዛኒያ፣ ቡሩንዲና ደቡብ ሱዳን አባል ናቸው፤ ግብፅና ሱዳን የሉበትም። ያልተፈታው አንቀጽ 14(ለ) ነው። አብዛኞቹ የሌላውን አገር የውሃ ዋስትና በጉልህ አንጎዳም የሚለውን ሲቀበሉ፣ ግብፅ «የአሁን አጠቃቀምና መብት» የሚል እንዲገባበት ጠየቀች። ያ ቃል ቢገባ ነባር አጠቃቀም ከዘጠኙ መመዘኛዎች አንዱ መሆኑ ይቀርና የሌሎቹ ሁሉ የበላይ ይሆናል፤ 55.5 ቢሊዮኑም ባልፈረሙት አገሮች ላይ በሌላ በር ይጸናል።