የመስቀል ወፍ የት ትሄዳለች?

ሰላም ለእናንተ ይሁን ወገኖቼ፤ እንኳን ከክረምት ወደ መጸው አሸጋገራችሁ።

ሰሞኑን ከደሴ ወደ ሐይቅ የወጣ ሰው ዓይኑን የት እንደሚያሳርፍ ይቸግረዋል። አደይ አበባው የማሳውን ድንበር ቢጫ አልብሶታል። ከአውሮፓ ብርድ የሚሸሹት ወፎችም መግባት ጀምረዋል፤ ኤርምያስ ሽመላ እንኳ ጊዜዋን ታውቃለች ያለው (8፥7) እዚህ በዓይን ይታያል። እኔ ግን ዛሬ የማወራችሁ ስለ መስቀል ወፍ ነው።

በዓመት አንዴ ቤተ ክርስቲያን ብቅ የሚለውን ሰው «የመስቀል ወፍ» እንለዋለን። ቀልድ ነው፤ ግን ያማል።

እስቲ ወፏን ራሷን እንያት። ቀይና ጥቁር ወይም ቢጫና ጥቁር ለብሶ ሣር ጫፍ ላይ ላባውን ነፍቶ የሚንጎማለለው ወንዱ ነው። ክረምቱ የመራቢያው ጊዜ ስለሆነ ለሴቷ ብሎ ነው የሚያጌጠው። ሴቷ መስከረምም ሆነ ግንቦት ያው ቡናማ ናት፤ አጠገቡ ቁጭ ብላ ማንም ልብ አይላትም። በጋው ሲገፋ ወንዱም ጌጡን ይጥልና ድንቢጥ መስሎ መንጋው ውስጥ ይገባል። ጠፋ የምንለው ያኔ ነው። እሱ ግን የትም አልሄደም፤ እንዲያውም ማሽላው ሲደርስ ልጆቻችን ማማ ላይ ወጥተው በወንጭፍ ከሚያባርሩት መንጋ መካከል መስከረም ላይ «እሰይ መጣች!» ብለን ጣት የቀሰርንበት ወፍ ይኖራል። ያው ወፍ ነው እኮ!

ጌታችን «ወደ ሰማይ ወፎች ተመልከቱ» ሲል (ማቴ 6፥26) ያጌጡትን ብቻ አላለም። ያለ አባታችሁ ፈቃድ አንዲቱ እንኳ አትወድቅም ሲል ደግሞ የጠራው ድንቢጥን ነው (ማቴ 10፥29)፤ ያቺኑ በሳንቲም የምትሸጠውን፣ ማንም ዞር ብሎ የማያያትን ቡናማ ወፍ። ይሄ እኔን ሁሌም ይገርመኛል።

ታዲያ በመስቀል ነጭ ነጠላ ለብሳ ያየናት እህት ከዚያ በኋላ የት ነበረች? ምናልባት በሌሊት ኪዳን አድርሳ፣ ሰው ሳይበዛ፣ ወደ ታመመች እናቷ የምትሮጥ ናት። ምናልባት ወንድማችን የሌሊት ጥበቃ ሠራተኛ ነው። በእርግጥ የቀዘቀዘም አለ። እሱንም ቢሆን ሽሙጥ ሲመልሰው አላየሁም፤ ስልክ መደወል ግን ይመልሳል። «ጠፋህ» ሳይሆን «ደኅና ነህ ወይ» በሉት።

ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 በዘመነ ጽጌ የምናስበውም የእመቤታችንን ስደት ነው። በግብፅ መንገድ ላይ ላገኛት ሰው ልጅ ያዘለች አንዲት ስደተኛ እናት ነበረች፤ በቃ። ጸሎታችሁ የደረቀባችሁ፣ አበባ የሌለው ወቅት ላይ ያላችሁም ይህን አስቡ፤ ቡናማውንም ወፍ የሚመግበው ያው አባት ነው።

ቅዳሴ ወጥታችሁ ጾም ከመግደፋችሁ በፊት በእግራችሁ ወጣ በሉ። ስልኩን ዝም አሰኙት፤ ወፎቹ ይሸሻሉ። ኅዳር ላይ ደግሞ ወደ ማሽላው ማሳ ሂዱና ማማ ላይ ያሉትን ልጆች ጠይቋቸው። ከቡናማዎቹ መካከል የትኛው የመስቀል ወፍ እንደነበር ከእኛ ይልቅ እነሱ ይለያሉ።