ስለ ሳምንቱ የኦሪት ንባብ በስህተት የሚነገሩ ነገሮች

አይሁድ አምስቱን የኦሪት መጻሕፍት በ54 ክፍል ከፍለው በየሰንበቱ በምኩራብ ያነባሉ። እያንዳንዱ ክፍል ፓራሻ ይባላል። ከፓራሻው ለዕለት ኑሮ የሚሆን ምክር ማውጣትም የቆየ ልማድ ነው። በእኛ ዘንድ ግን ስለዚህ ጉዳይ የሚወራው አብዛኛው በስሚ ስሚ የመጣ ነው።

“ረቢው ለጊዜው የሚስማማውን ምዕራፍ ይመርጣል”

አይመርጥም፤ ተራው የታወቀ ነው። በስምሐት ቶራ በዓል የዘዳግም መጨረሻ ተነቦ ወዲያው ዘፍጥረት ይጀመራል። የማይጥም ክፍል መጣ ተብሎ አይዘለልም፤ ለእኔ ትልቁ ጥቅሙ ይሄ ነው። ሰኞና ሐሙስ ጠዋትም ከመጪው ፓራሻ መጀመሪያው ይነበባል። እነዚህ ቀናት በጥንት ጊዜ ሕዝቡ ገበያ የሚወጣባቸው ነበሩ።

“አባቶች እንከን የለባቸውም፤ ትምህርቱ እንደ እነሱ ሁኑ ነው”

ኦሪት ራሱ እንዲህ አይልም። ያዕቆብ የአባቱን ዓይን መፍዘዝ ተጠቅሞ፣ የወንድሙን ልብስ ለብሶ በረከቱን ወሰደ። ዓመታት አልፈው ላባ በሌሊት ልያን በራሔል ቦታ ሰጠው። ሲነጋ ያዕቆብ “ለምን አታለልከኝ?” ቢለው፣ በእኛ አገር ታናሺቱ ከታላቂቱ ቀድማ አትዳርም ብሎ መለሰለት። የታላቁን በረከት ቀድሞ ለወሰደ ታናሽ ከዚህ የበለጠ የሚያሳፍር መልስ አይገኝም! በ13ኛው መቶ ዘመን የነበረው የኦሪት ተርጓሚ ረቢ ራምባንም አብርሃም ወደ ግብፅ ሲወርድ ሣራን ለአደጋ በማጋለጡ ሳያውቅ ትልቅ ኃጢአት ሠራ ብሎ ጽፏል።

“ከአንድ ፓራሻ የሚወጣው ትክክለኛ ትምህርት አንድ ነው”

ኖኅ “በትውልዱ ጻድቅ ነበር” ተብሏል። ታዋቂው የኦሪት ተርጓሚ ራሺ ሁለት አስተያየት ያቀርባል፦ በክፉዎች መካከል ጻድቅ መሆኑ ያስመሰግነዋል የሚል አለ፤ በአብርሃም ዘመን ቢኖር ኖሮ ከቁጥር አይገባም ነበር የሚልም አለ። ራሺ አንዱን ሳይመርጥ ሁለቱንም እንዳሉ ይተዋቸዋል።

“‘ዓይን ስለ ዓይን’ በቀልን ይፈቅዳል”

ከሁሉ የሚበዛው ስህተት ይህ ነው። ቃሉ የሚገኘው በዘጸአት 21፣ ሚሽፓቲም በሚባለው ፓራሻ ነው። የታልሙድ፣ ማለትም የጥንት ረቢዎች ክርክርና ትርጓሜ የተሰበሰበበት መጽሐፍ፣ ሊቃውንት የተረዱት በገንዘብ ካሳ ነው። ዓይነ ስውር ሰው የሌላውን ዓይን ቢያጠፋ ምኑ ይጠፋል ብለው ተከራክረዋል። የታልሙድ መሠረት በሆነው የሕግ ስብስብ፣ በሚሽና፣ መሠረት አጥፊው አምስት ነገር ይከፍላል፦ የአካል ጉዳቱን፣ የሕመሙን፣ የሕክምናውን፣ ሥራ የፈታበትን ጊዜና የውርደቱን። እዚያው ፓራሻ ውስጥ የጠላትህ አህያ ከጭነቱ በታች ወድቆ ብታይ አግዘው ይላል። የድሃ ልብስ በመያዣ ብትወስድም ፀሐይ ሳትገባ መልስለት፤ ሌሊት ሌላ የሚለብሰው የለውምና። ለባለ ጋቢ አገር ሰው ይህ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

“ኦሪት ሕግ ነው፤ ‘ባልንጀራህን ውደድ’ የመጣው በአዲስ ኪዳን ነው”

ዘሌዋውያን 19፥18 ላይ ተጽፏል፤ ኢየሱስም የጠቀሰው ከዚያ ነው። የጥንቱ የአይሁድ ሊቅ ረቢ አኪቫ የኦሪት ታላቅ መርሕ ብሎታል። ጥቂት ቁጥር ከፍ ብሎ ደግሞ የቀን ሠራተኛ ደመወዝ አንተ ዘንድ አይደር ይላል። ስለ ፍቅር የሚሰብክ ብዙ ነው፤ ደመወዝ በሰዓቱ የሚከፍል ግን ስንቱ ነው?

“ቤተ እስራኤል ኦሪትን ያወቁት እስራኤል ከገቡ በኋላ ነው”

ይህኛው ያናድዳል። ቄሶቻቸው ኦሪትን ከብራና መጽሐፍ በግእዝ አንብበው ሕዝቡ በሚሰማው ቋንቋ ይተረጉሙ ነበር። ያልነበራቸው ታልሙድ ነው። ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በእስራኤል በሕግ ብሔራዊ በዓል በሆነው ስግድ ዕለትም ኢየሩሳሌም ውስጥ በግእዝ ያነባሉ።

“ትምህርት ለማውጣት ረቢ መሆን ያስፈልጋል”

አያስፈልግም። በ13 ዓመቱ ባር ሚትስቫ፣ ማለትም ትእዛዛቱን ለመጠበቅ ኃላፊ የሚሆንበትን ሥርዓት፣ የሚያደርግ ልጅ ስለ ፓራሻው አጭር ንግግር ማድረጉ የተለመደ ነው። በሰንበት ማዕድም አባት ይጠይቃል፣ ልጅ ይከራከራል፣ እንግዳም የመሰለውን ይጨምራል።