ኢንዲ ሙዚቃ ምንድን ነው?

ከደሴ ኮምቦልቻ በሚኒባስ ስትወርዱ ሐረጎን እስክታልፉ አምስት ስድስት ዘፈን ትሰማላችሁ። ባለፈው ሰሞን አንዱ ከእንቅልፌ ቀና አደረገኝ። ቅኝቱ አምባሰል ነው፤ ከሥሩ ግን ጊታርና ወፍራም ቤዝ አለ። ድምጿን አላውቀውም።

"ይቺ ማናት?" አልኩት ረዳቱን።

"እኔ'ንጃ ጋሼ። ፍላሹ 'ትራክ 14' ነው የሚለው።"

ከኋላ የተቀመጠ ጎረምሳ "ኢንዲ ናት" አለ። ረዳቱ ዞር ብሎ "ኢንዲ ደግሞ ምን ዓይነት ስልት ነው?" ሲለው ልጁ ሳቀ፤ መልስ ግን አልነበረውም።

ስልት አይደለም። ቃሉ ከእንግሊዝኛው "ኢንዲፔንደንት" ተቆርጦ የቀረ ነው፤ በራሱ የቆመ ለማለት። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1980 የኢንዲ ሙዚቃ የሽያጭ ደረጃ ሠንጠረዥ ማውጣት ሲጀምሩ መለኪያቸው አንድ ነበር፤ ሸክላውን ገበያ ያደረሰው ከትልልቆቹ ኩባንያዎች ውጪ ያለ አከፋፋይ ነው ወይ? ሙዚቃው ሬጌም ሆነ ሮክ ግድ አልነበራቸውም። በኋላ ግን ጊታር የያዘ ዝምተኛ ልጅ ሁሉ ኢንዲ ተባለ፤ ቃሉም ስልት መሰለ።

እኛ ጋ ነገሩ ከቃሉ ይቀድማል። በንጉሡ ዘመን ሸክላ የማሳተም መብት በብቸኝነት የሀገር ፍቅር ማኅበር ነበር። ዐምሐ እሸቴ የሚባል ወጣት ይህን ችላ ብሎ እ.ኤ.አ. በ1969 የዓለማየሁ እሸቴን ሸክላ በራሱ ገንዘብ አሳተመ። ዐምሐ ሪከርድስ እንዲህ ተወልዶ በጥቂት ዓመታት ከ100 በላይ ነጠላ ሸክላዎች አወጣ። በዚያን ጊዜ "ኢንዲ ነኝ" ያለ ሰው አልነበረም እንጂ ሥራው ያው ነው።

ወሎንም በዚህ ዓይን ማየት ይቻላል። ማሪቱ ለገሠን የመሰሉ ድምፆች የወጡት ከላሊበላ የኪነት ቡድን ነው፤ ከፋዩ መንግሥት ነበር። ከዚያ ካሴት መጣና ከፋዩ ሙዚቃ ቤቱ ሆነ። ዛሬ የደሴ ጀማሪ ስቱዲዮውን፣ ቅንብሩን፣ ሚክሲንጉን፣ ክሊፑን ከኪሱ ይከፍላል። ወይ ከሠርግ ሥራ ያጠራቀመውን፣ ወይ አረብ አገር ያለች እህቱ የላከችለትን።

እዚህ ጋ ነው ነገሩ የሚወሳሰበው። ልጁ ዘፈኑን በራሱ ገንዘብ ሠራ እንበል። ቻናሉ ግን ሰባ ተከታይ ብቻ ነው ያለው። ስለዚህ ብዙ ተመልካች ላለው ትልቅ ቻናል ይሰጠዋል። አሁንም ኢንዲ ነው? በእንግሊዞቹ መለኪያ ላይሆን ይችላል። እኔ ግን የምጠይቀው ማስተሩ፣ ማለትም ያለቀለት ቅጂ፣ የማን ነው ብዬ ነው። ለተወሰነ ጊዜ አውሶ ገቢውን ከተካፈለ ዘፈኑ አሁንም የእሱ ነው። አንድ ጊዜ ተከፍሎት ከፈረመ ደግሞ ሸጦታል፤ ነገ በራሱ ቻናል ላይ ቢለቀው ይወርድበታል። የቅጂ መብት አዋጁ፣ ቁጥር 410/1996፣ ለደራሲው፣ ለከዋኙ (ለሚዘፍነው ወይም ለሚጫወተው) እና ለድምፅ ሪከርዲንግ ፕሮዲዩሰሩ (ቅጂውን ለሚያሠራው) የየራሳቸውን መብት ይሰጣል። ኢንዲ ዘፋኝ ብዙ ጊዜ ሦስቱም ራሱ ነው። ብዙዎቹ ይህን የሚያውቁት ከፈረሙ በኋላ መሆኑ ያሳዝናል።

ታዲያ እነዚህን ልጆች የት እናግኛቸው? ትራክ 14ን የፈለግኳት እንዲህ ነው። ከግጥሟ የያዝኳትን አንድ ስንኝ ዩቲዩብ ላይ ጻፍኩ። የመጡልኝ በሙሉ የምናውቃቸው የድሮ አምባሰሎች ናቸው። ዩቲዩብ ብዙ የታየውን ያስቀድማል፤ ጀማሪ ደግሞ ብዙ አልታየም። ፍለጋውን በተለቀቀበት ጊዜ ለይቼ የቅርቡን ብቻ ስጠይቅ ብቅ አለች። ስሟን አልጽፈውም፤ ሳላስፈቅዳት ነውር ይሆንብኛል።

ዋናው ግኝት ግን ከቪዲዮው ሥር ነበር። ግጥምና ዜማ የራሷ፤ ቅንብር የአንድ የማላውቀው ልጅ። የአቀናባሪውን ስም ስፈልግ ሌሎች ሦስት ጀማሪዎች አገኘሁ፤ ሁለቱ ከዚሁ ከኛ አካባቢ ናቸው። ከዚያ ወዲህ ዘፈን በወደድኩ ቁጥር የምከተለው ዘፋኙን ሳይሆን አቀናባሪውን ነው። አንድ አቀናባሪ ጋ ስንቱ ጀማሪ ይመላለሳል!

ቲክቶክም ይረዳል፤ ብዙዎቹ ዘፈኑ ሳይወጣ አዝማቹን እዚያ ይሞክሩታል። ፈረንጆቹ ከእ.ኤ.አ. 2015 ወዲህ አዲስ ሥራ የሚለቁት ዓርብ ዓርብ ነው። እኛ ጋ ትልልቁ ሥራ በዓል ይጠብቃል። እኔ ጀማሪ ብሆን በፋሲካ ሰሞን ዘፈን አልለቅም፤ ማን ያየኛል?

ፍላሹ ግን ይቆጨኛል። ስፖቲፋይ ላይ እንኳ አንድ ዘፈን ክፍያ ውስጥ የሚገባው በዓመት ቢያንስ 1,000 ጊዜ ሲደመጥ ነው። ሚኒባሱ ውስጥ በቀን ስንት ሰው እንደሚሰማት አስቡት። አንዱም አይቆጠርላትም።

በቀደም እዚያው ሚኒባስ ላይ ወጣሁ። ረዳቱ አወቀኝ።

"ጋሼ፣ ዘፈንህን ልልቀቅልህ?" አለኝና ወደ ሹፌሩ ጮኸ፦ "አስራ አራትን በላት!"

ስልኬን አውጥቼ ስሟን አሳየሁት።