«የማሪዮስ በቅሎዎች»፦ የሮም ወታደር ለምን በቅሎ ተባለ?

በጓደኞቼ መሃል የማያልቅ ክርክር አለ። የሮም ወታደርና የፋንታሲ ጀግና ቢገጥሙ ማን ያሸንፋል? አንዳንዱ ከራሱ ቁመት የሚረዝም ሰይፍ በአንድ እጁ ለሚያሽከረክረው፣ ዘንዶ ለሚጋልበው ጀግና ይቆማል። እኔ ሁሌም ከሮማዊው ጋር ነኝ። ምክንያቴ ደግሞ ሰይፉ ሳይሆን አንድ የድሮ አባባል ነው፤ «የማሪዮስ በቅሎዎች»።

ትርጉሙ ቀላል ነው። የታዘዘውን ሳያጉረመርም፣ ዝም ብሎ የሚሠራ ጠንካራ ሰው የማሪዮስ በቅሎ ይባል ነበር። ጋይዮስ ማሪዮስ ሰባት ጊዜ ቆንስል፣ ማለትም የሮም ሪፐብሊክ ከፍተኛ ሹም፣ ሆኖ የተመረጠ የሮም የጦር መሪ ነው። የአባባሉን መነሻ የነገረን የጥንቱ ግሪካዊ ጸሐፊ ፕሉታርክ ሲሆን፣ ሁለት ታሪክ ያቀርባል።

የመጀመሪያው የጓዝ ነገር ነው። የጭነት ከብት ሲበዛ ሠራዊት ይጎተታል። ስለዚህ ማሪዮስ ወታደሩ ጓዙን ራሱ እንዲሸከም፣ ምግቡንም ራሱ እንዲያበስል አስገደደው። ወታደሩ ስንቁንና ዕቃውን ጠቅልሎ በባላ እንጨት ላይ አስሮ በትከሻው ያነግተዋል። ሮማውያንን ራሱ የተዋጋቸው አይሁዳዊው ጆሴፈስ የተሸከሙትን አንድ በአንድ ቆጥሮታል፦ መጋዝ፣ ቅርጫት፣ መቆፈሪያ፣ መጥረቢያ፣ ጠፍር፣ ማጭድ፣ ሰንሰለት፣ የሦስት ቀን ስንቅ። እግረኛው ከተጫነ በቅሎ ብዙም አይለይም ይላል። ይሄ እንግዲህ ከጋሻውና ከጦሩ ሌላ ነው! ኋላ የመጣው፣ ስለ ሮም ጦር የጻፈው ቬጌቲየስ ደግሞ ምልምሎች እስከ 60 የሮም ፓውንድ ተሸክመው መራመድ እንዲለማመዱ ይመክራል። ወደ 20 ኪሎ ነው። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውኃ ሞልቶ የተሸከመ ሰው ክብደቱን ያውቀዋል፤ እሱን ይዞ ደግሞ በሰልፍ፣ በወታደር እርምጃ መሄድን አስቡት።

የፋንታሲውን ጀግና እወደዋለሁ፤ ሌሊቱን ሙሉ ሳነበው ያደርኩበት ጊዜ አለ። ግን በረሃውን አቋርጦ ሲደርስ ድስቱ የታለ? ውኃውን ማን ያዘለት? ማታ የሚተኛበትን ቦታ ማን ቆፈረለት? ሮማዊው በጠላት አገር ሲያድር ምሽግ ሳይቆፍር አይተኛም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ52 የቄሳር ጦር በዛሬዋ ፈረንሳይ የነበረችውን የአሌሲያን ከተማ ሲከብ የውጪው ምሽግ ብቻ 14 የሮም ማይል፣ ማለትም ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ነበር። ያንን ሁሉ የቆፈሩት እነዚያው ተዋጊዎች ናቸው። ለዚህ ነው ከዘንዶው ይልቅ መቆፈሪያው የሚያስፈራኝ።

ሁለተኛው ታሪክ ወደ ስፔን ይወስደናል። ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ134 እስከ 133 የሮም ጦር አዛዥ ስኪፒዮ የኑማንቲያን ከተማ ከቦ ሳለ፣ የጦር መሣሪያና ፈረስ ብቻ ሳይሆን በቅሎና ጋሪም ካላየሁ አለ። ወጣቱ ማሪዮስ በእጁ የቀለበውን ፈረስና አንድ በቅሎ አቀረበ። በቅሎዋ በጤና፣ በገራምነትም በጉልበትም ሌሎቹን ሁሉ በለጠች። ስኪፒዮ ደስ ብሎት ደጋግሞ ያነሳት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ታታሪ ሰው ሲሞገስ «የማሪዮስ በቅሎ» ተባለ ይላል ፕሉታርክ።

እዚህ ላይ ለእኛ አንድ ነገር ይመጣል። በአማርኛ በቅሎ ስንል ቶሎ የሚታየን የተሸለመች፣ ትልቅ ሰው የሚቀመጥባት ናት። ጭነት የሚጫነው ደግሞ አጋሰስ ይባላል። ስለዚህ የኑማንቲያው ታሪክ እውነት ከሆነ «በቅሎ» ልክ ነው። የጓዙ ታሪክ ከሆነ ግን ትክክለኛው ትርጉም «የማሪዮስ አጋሰሶች» ነው። አጋሰስ ብሎ መጥራት እኛ ዘንድ ስድብ መሆኑን አውቃለሁ። ቢሆንም ለእኔ የሚያሳምነኝ የጓዙ ነው፤ አንዲት በቅሎ የቱንም ያህል ብታምር፣ ስሙን በየመንገዱ ተሸክሞ ያዞረው ያ ሁሉ ወታደር ይመስለኛል።

እ.ኤ.አ. በ113 ሮም ላይ የቆመው የንጉሠ ነገሥት ትራያን ዓምድ ላይ ወታደሮቹ የዳኑብን ወንዝ ሲሻገሩ ተቀርጸዋል። ባላው በትከሻቸው ነው፤ ከጫፉ ላይ ከረጢቱና መጥበሻው እስከ ዛሬ ይታያል።