ማን ድንች ይዞ ጥምቀት ይወጣል?

ባለፈው እሑድ የኮንዶሚኒየማችን ነዋሪዎች ተሰብስበን ነበር። ጉዳዩ የተቃጠለው የውኃ ሞተር ነው። ሰብሳቢው ጉሮሯቸውን ጠረግ አደረጉና፣ «እንግዲህ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው… ቀሪውን ታውቁታላችሁ» አሉ። ከዚያ በቀጥታ ወደ ብሩ ገቡ። በየቤቱ ስንት ይደርሳል፣ እስከ መቼ ይከፈላል፣ ያልከፈለ ምን ይሆናል።

ቀሪውን ታውቁታላችሁ! የአባባሉ ነገር ያለው እኮ ቀሪው ላይ ነው።

ከዚያ ወዲህ ልብ ብዬ ሳዳምጥ ሁሉም ሰው እዚያችው ላይ ነው የሚቆመው። ለሠርግ ሲዋጣ «ሃምሳ ሎሚ»። መሥሪያ ቤት የለቀቀ ሰው ሥራ ለቀረነው ሲከፋፈል «ሃምሳ ሎሚ»። አንድ የታክሲ ረዳት ለሦስት ሰው በተሠራ ወንበር ላይ አራተኛ ሲጨምር «ጠጋ ጠጋ በሉ፣ ሃምሳ ሎሚ ነው» ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። በአጭሩ «ተጨናነቁና ቻሉት» ማለት ሆኗል።

አባባሉ ግን «ለሃምሳ ሰው ቅለቱ» አይልም። «ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ነው የሚለው። ጌጥ! ሎሚ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ጌጥ የሆነው?

እስቲ ሎሚውን አውጡና ሌላ ነገር አስገቡበት። «ሃምሳ ድንች ለሃምሳ ሰው ጌጡ» በሉ። ሳቃችሁ? ሽንኩርትም አይሆንም። እንቁላልም አይሆንም። አንድ ድንች በእጁ ይዞ፣ ነጭ ለብሶ፣ ጥምቀት የሚወጣ ጎረምሳ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሎሚ የያዘ ግን ሞልቷል።

ክብደቱንም ተመልከቱ። ይህ ነገር ስላሳከከኝ ከስብሰባው በኋላ ጉሊት ሄጄ ሃምሳ ሎሚ ቆጥሬ ገዛሁ። ሻጯ «ድግስ አለብህ እንዴ?» አለችኝ። «አይ፣ ልመዝነው ነው» ብላት እንዴት እንደምታየኝ ስለማውቅ ዝም አልኩ። ቤት ወስጄ መዘንኩት። ሁለት ኪሎ ተኩል አልሞላም። እንስራ ሙሉ ውኃ አዝላ ዳገት የምትወጣ ሴት ባለችበት አገር ሁለት ኪሎ ተኩል ሸክም ነው የሚል ማን ነው?

ከዚያ ዘንቢሉን አስቀምጬ ሎሚውን ሁሉ በእቅፌ ልይዘው ሞከርኩ። ሃያ ምናምኑ ላይ ስደርስ አንዱ አመለጠኝ። እሱን ላነሳ ጎንበስ ስል አምስት ተከተሉት። ባለቤቴ ከማድ ቤት ብቅ ስትል ቡፌ ሥር ተኝቼ ነበር ያገኘችኝ። ሸክምነቱ ከክብደቱ እንዳልሆነ ያኔ ገባኝ። ሃምሳ ሎሚ ያቀፈ ሰው እጅ የለውም። ሰላም ሊል አይችል፣ ሊያጨበጭብ አይችል፣ ሎሚውን ራሱን ሊያሸት እንኳ አይችል። አንድ የያዘ ግን አንድ እጁ ነፃ ነው፣ በሌላው ደግሞ ሽታ ይዟል።

ይህን የማውቀው ከአያቴ ነው። እምዬ ቤቷ ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ ነበር። የከተራ ዕለት፣ ጥር 10 ማለት ነው፣ ቀሚሱ በእንዶድ ታጥቦ አጥር ላይ ይሰጣል፣ ጸጉር ቅቤ ይቀባል። ማታ ላይ ትንሿን አገልግል ትከፍታለች። ውስጧ ሎሚ ነው። በእሳቱ ብርሃን እያገላበጠች ትመርጣለች፤ ነቁጥ ያለበት ለወጥ ቤት፣ ልጡ የጠራው ለእኛ። የተመረጠውን በቀሚሷ ጫፍ እስኪያብረቀርቅ ትወለውለዋለች። ከዚያ ለየአንዳንዳችን አንድ አንድ፣ ከትልቅ እስከ ትንሽ።

እኔ የሚበላ መስሎኝ አንድ ዓመት እዚያው ነከስኩት። «አይ የኔ ጌታ! ይህ የሆድ አይደለም» አለችኝ። እጄን ይዛ የሎሚውን ልጥ በአውራ ጣቴ ጥፍር ትንሽ ጫር አስደረገችኝና ወደ አፍንጫዬ አስጠጋችው። ያ ሽታ እስካሁን አለ። «ይዘኸው ሂድ። ሰው ሲያይህ ባዶ እጅህን አትሁን።»

በማግስቱ ሜዳው ላይ ሁሉም ሰው ሎሚ አለው። ሽማግሌው በዘንጉ እጅ ላይ ደርቦ ይዞታል። ሴቶቹ ከነጠላቸው ጥለት ጋር ጨብጠውታል። ፀሐዩ ሲበረታ፣ አቧራው ሲነሳ፣ ያቺ ጥፍር ጫር ታደርግና አየሩ ሁሉ ዕጣንና ሎሚ ይሆናል። ዛሬም አገር አቋራጭ አውቶቡስ ላይ የሚያቅለሸልሸው ሰው ሎሚ እያሸተተ የሚሄደው ከዚያ ብልሃት የተረፈችውን ይዞ ነው።

ጎረምሶቹ ደግሞ ይወረውሩታል። ለወደዳት ልጅ ወደ ደረቷ፤ ካነሳችው ነገር አለ፣ እንዳላየች ካለፈችው ነገር የለም። የአክስቴ ልጅ አንድ ጥምቀት ሙሉ ሲለማመድ ከርሞ፣ ቀኑ ደርሶ ሲወረውር የቄሱን ጥላ መታ። ልጅቷም ቄሱም ዞር ብለው አዩት። እስከ ማግስቱ የቃና ዘገሊላ ድረስ ከቤት አልወጣም። (ዩኔስኮ በ2012 ዓ.ም. ጥምቀትን በማይዳሰስ የዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ቶሎ ትዝ ያለኝ እሱ ነው።)

አሁን ወደ ራሴ ሐሳብ ልግባ። እኔ ይህ አባባል ዘጌ ነው የተወለደው እላለሁ። ዘጌ ጣና ላይ ያለ ደን የለበሰ ባሕረ ገብ መሬት ነው፤ ከባሕር ዳር በጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ። ጥንት በዚያ ደን በሬ ጠምዶ ማረስ ነውር ነበር። የአገሩ ሰዎች ሲተርኩ፣ የዘጌው ጻድቅ አቡነ በትረ ማርያም በጸሎታቸው ሦስት ነገር ተሰጣቸው ይላሉ፦ ቡና፣ ጌሾና ሎሚ። ሦስቱም ተለቅመው በደንገል ታንኳ ጣናን አቋርጠው ባሕር ዳር ይሸጡ ነበር። እንግዲህ አስቡት። የከተራ ዋዜማ ነው። አንዲት የዘጌ ሴት ሎሚዋን ጭና ታንኳ ላይ ትቀመጣለች። ለእሷ ሸክም ነው፤ ታንኳው ያዘነብላል፣ ሎሚው ይንከባለላል፣ ቀዛፊው ይቆጣል። ገበያ ላይ በመደብ በመደብ ትደረድረዋለች። ሎሚ በቁጥር ነው የሚሸጠው፤ «ሃምሳ»ውም ከዚያ መጣ ባይ ነኝ። በማግስቱ ልጆቿን ይዛ ታቦት ልትሸኝ ስትወጣ፣ ትናንት ወገቧን የቆረጣት ዕቃ በየሰው እጅ ላይ ሲያብረቀርቅ ታያለች። አባባሉን ያን ጊዜ ነው ያለችው። እሷ ናት።

ማስረጃህ ምንድን ነው ትሉኝ ይሆናል። ማስረጃዬ የእምዬ አገልግል ናት።

መምህር የነበረው አጎቴ በዚህ አይስማማም። «ደቦ ነው መነሻው፣ ሥራ መተጋገዝ ነው» ይላል። ደቦማ ቢሆን ኖሮ ሎሚ ምን ያደርግለታል? ደቦ የሚወጣ ሰው ማጭድ ነው የሚይዘው። «ሃምሳ ነዶ ለአንድ ሰው ሸክሙ» በተባለ ነበር። ይህን ስለው «አንተ ከዘጌ ውጪ ሎሚ የበቀለ አይመስልህም» ብሎ ቡናውን ይጠጣል። እሺ፣ ሌላም አገር ይበቅላል። ታንኳዋን ግን አልተውም።

የሚያናድደኝ የሰው ስስት አይደለም፤ ለሞተሩ እኔም ከፍያለሁ፣ በመጀመሪያው ቀን። የሚያናድደኝ አባባሉን በገንዘብ ደረሰኝ ቋንቋ መናገራችን ነው። «ይህን ያህል ጎደለ፣ ስንት ሰው ነን፣ አካፍሉ» ለማለት ሎሚ መጥራት አያስፈልግም፤ ካልኩሌተር ይበቃል። ሎሚ ከተጠራ እጅ ላይ የሚያምር ነገር መኖር አለበት። ሃምሳ ሰው አንድ ነገር ሲይዝ፣ የያዘው ሰው ራሱ ደስ ብሎት «እዩልኝ» የሚልበት ነገር። የታክሲው ረዳት አራተኛ ሰው ሲደርብብኝ ያጌጠ ነገር የለኝም። ትከሻዬ ነው የተጣመመው።

ለማንኛውም ሎሚዎቹ ቤቴ ቀሩ። ባለቤቴ «ሃምሳ ሎሚ ምን ላድርገው?» አለች። አሥሩን አስቀረን። የቀረውን በዘንቢል ይዤ ከምድር ቤት ጀምሬ በር እያንኳኳሁ ለየጎረቤቱ አንድ አንድ ልሰጥ ወጣሁ። እንደ እምዬ በሸሚዜ ጫፍ እየወለወልኩ።

አራተኛ ፎቅ ያሉት እትዬ በሩን ገርበብ አድርገው ከፈቱ። እኔን አዩ፤ እጄ ላይ ያለውን ሎሚ አዩ። ፊታቸው ቅጭም አለ።

«ደግሞ ለምንድን ነው የምናዋጣው?»