ነፃ የዩዝኔት ሰርቨር ፍለጋ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ዩዝኔት በርዕስ በተከፋፈሉ ኒውስግሩፖች (የውይይት ቡድኖች) የሚካሄድ የጽሑፍ ውይይት ነው። የሚነበበውም የሚለጠፈውም በኒውስ ሰርቨር በኩል ነው። ነፃ ሰርቨር የሚፈልጉ ሰዎች በብዛት የሚሳሳቱት በሚከተሉት ላይ ነው።

«ጉግል ስለዘጋው ዩዝኔት የለም»

ጉግል የዘጋው የራሱን በር ነው። ዩዝኔትን በብራውዘር ያስነብብ የነበረው ጉግል ግሩፕስ እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 22 ቀን 2024 ወዲህ አዲስ የዩዝኔት ጽሑፍ አይቀበልም፣ አያሳይምም፤ የቀድሞው ክምችት ግን ይነበባል። ዩዝኔት እ.ኤ.አ. በ1979 አሜሪካ ባለው በዱክ ዩኒቨርሲቲ ከተጠነሰሰ ጀምሮ ባለቤት የለውም፤ ሰርቨሮች ጽሑፍ እየተቀባበሉ ያኖሩታል። እንዲያውም በ2023 መጨረሻ በጉግል በኩል ይጎርፍ የነበረው የማስታወቂያ ጋጋታ በመቆሙ ብዙ ቡድኖች ፋታ አግኝተዋል።

«ነፃ ከሆነ ምዝገባ አይጠይቅም»

ክፍያና ምዝገባ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ያለ ምዝገባ የሚያስለጥፍ ሰርቨር የአጭበርባሪዎች መናኸሪያ ስለሚሆን አብዛኛው ተዘግቷል፤ ለዓመታት የታወቀው አዮኢ (aioe) የተባለው ሰርቨርም ዛሬ የለም። ለጀማሪ የምንመክረው ኢተርናል ሴፕቴምበር (Eternal September) የተባለውን ሰርቨር ነው፦ ነፃ ነው፣ ጽሑፍ ብቻ ይይዛል፣ በኢሜይል ያስመዘግባል። መቀመጫው በርሊን የሆነው ኢንዲቪጁዋል ኔት (individual.net) ጥሩ ቢሆንም እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ያስከፍላል።

«የክፍት ሰርቨሮች ዝርዝር ካገኘሁ በቃኝ»

ጊዜ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው። ማንም ሳይመዘገብ ይገባባቸዋል የተባሉ ሰርቨሮችን ይዘው በየቦታው የሚገለበጡት ዝርዝሮች አብዛኞቹ ያረጁ ናቸው። ከተጠቀሱት ሰርቨሮች ብዙዎቹ ደግሞ መጀመሪያውኑ በአስተዳዳሪው ስህተት ክፍት የቀሩ ነበሩ፤ ስህተቱ ሲታወቅ ይዘጋሉ። ስለዚህ አድራሻ ሲያገኙ ራስዎ ይፈትሹት። በቴልኔት (ትእዛዝ በጽሑፍ ወደ ሰርቨር በሚልክ ፕሮግራም) ወደ ፖርት 119፣ ማለትም ወደ ኒውስ ሰርቨር የተለመደ መግቢያ ቁጥር፣ ይግቡና ሰርቨሩ የሚመልሰውን ቁጥር ይመልከቱ፦

200 ካለ መለጠፍ ይቻላል፤ 201 ካለ ማንበብ ብቻ ነው። 502 ካለ አልተፈቀደልዎትም። ምንም ሳይመልስ ከቆየ ወይ ሰርቨሩ ሞቷል፣ ወይ የቢሮዎ ፋየርዎል ፖርቱን ዘግቶታል።

200 ስላለ ብቻ ግን አይመኑት፤ ሊለጥፉ ሲሉ 480 ከመጣ ዩዘርኔምና ፓስወርድ እየጠየቀ ነው። ቀጥለው ግሩፕ (GROUP) የሚለውን ትእዛዝ ከአንድ ቡድን ስም ጋር ይላኩ። 411 ማለት ቡድኑን አልያዘም ነው። 211 ካለ ሦስት ቁጥሮች ይከተላሉ፤ ለምሳሌ 1830፣ 40215፣ 42044። የመጀመሪያው የጽሑፎቹ ግምታዊ ብዛት፣ ሁለቱ ደግሞ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ጽሑፍ መለያ ናቸው። ወሳኙ የመጨረሻው ጽሑፍ ቀን ነው። ውይይት በማይጠፋበት ቡድን ውስጥ የመጨረሻው ጽሑፍ የወራት ዕድሜ ካለው፣ ሰርቨሩ ከሌሎቹ ጋር መቀባበል አቁሟል። እንዲህ ዓይነቱ ሰርቨር የለጠፉትን ተቀብሎ እሺ ይላል፤ ግን የትም አያደርሰውም።

«ፊልምና ሶፍትዌር በነፃ ይወርድበታል»

አይወርድም። የፋይል ቡድኖች ፍሰት በቀን በመቶዎች የሚቆጠር ቴራባይት ስለሆነ የሚያስተናግዱት የሚያስከፍሉ ድርጅቶች ናቸው።

«አድራሻውን ብራውዘር ላይ ብጽፍ ይከፈታል»

ኒውስ ሰርቨር ድረ ገጽ አይደለም፤ የሚያናግረው ኒውስ አንባቢ ፕሮግራምን ነው። ተንደርበርድ ይበቃል፦ አዲስ የኒውስግሩፕ አካውንት ይክፈቱ፣ የሰርቨሩን ስም ያስገቡ፣ ግንኙነቱን ወደ ኤስ ኤስ ኤል/ቲ ኤል ኤስ (SSL/TLS፣ የተመሰጠረ ግንኙነት)፣ ፖርቱን ወደ 563 ይቀይሩ። በ119 ላይ ያለ ምስጠራ ከገቡ ፓስወርድዎ በግልጽ ይጓዛል። ሲገናኝ ሁልጊዜ ዩዘርኔምና ፓስወርድ እንዲጠይቅ የሚያደርገውን ምርጫም ምልክት ያድርጉበት፤ አለበለዚያ አንዳንድ ሰርቨር የቡድኖቹን ጥቂቱን ብቻ ያሳይዎታል፣ እርስዎም «ባዶ ነው» ብለው ይተዉታል።

«ሰርቨር ብቀይር ያነበብኩት እንዳለ ይቆያል»

የጽሑፍ ቁጥር በየሰርቨሩ ይለያያል። አንዱ ጋ 42044 የሆነው ሌላው ጋ 915 ሊሆን ይችላል። ያነበቡትን ፕሮግራምዎ የሚመዘግበው በቁጥር ስለሆነ፣ በነበረው አካውንት ላይ አድራሻውን ብቻ ከቀየሩ የተነበበውና ያልተነበበው ይደበላለቃል። አዲስ አካውንት ይክፈቱ። በሁሉም ሰርቨር የማይለወጠው ሜሴጅ አይዲ (Message-ID)፣ ማለትም የጽሑፉ የራሱ ልዩ መለያ፣ ነው፤ አንድን ጽሑፍ ሌላ ሰርቨር ላይ የሚፈልጉት በእሱ ነው።

«የለጠፍኩትን መሰረዝ እችላለሁ፤ ማንም አያውቀኝም»

የማጥፊያ መልእክት መላክ ይቻላል፤ ነገር ግን ባለቤቱን መስለው የሌላ ሰው ጽሑፍ የሚሰርዙ ስለበዙ ብዙ ሰርቨሮች ችላ ይሉታል። ጽሑፍዎ በደቂቃዎች ውስጥ ሌሎች አገሮች ያሉ ሰርቨሮች ላይ ይገኛል። ማንነትዎንም ቢሆን ሰርቨሩ መዝግቦ ይይዘዋል። «ፍሮም» (From) በሚለው የላኪ ቦታ ላይ የሚጽፉት ኢሜይል ለማስታወቂያ ላኪዎች የተጋለጠ ስለሆነ፣ መጨረሻው «ነጥብ ኢንቫሊድ» (.invalid) የሆነ አድራሻ ያድርጉ፤ ይህ ቅጥያ ለማንም የማይሸጥ፣ ለዚሁ ዓይነት አገልግሎት የተተወ ነው። የሌላ ሰው ሊሆን የሚችል አድራሻ ግን ፈጥረው አይጻፉ። የመጀመሪያ ሙከራዎንም ሰው በሚወያይበት ቡድን ሳይሆን፣ ስሙ በ«ቴስት» (test) በሚያልቅ ቡድን ላይ ይለጥፉ።